ጥቁሬን ያስታመምንበት ክረምት
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ከእኛ ቤት የምትሰሙት ብዙውን ጊዜ የሂሳብ ሪፖርት ነው። ዛሬ ግን «ከቤታችሁ የሆነ ነገር አካፍሉን» ስለተባልን ስለ አንዲት ጊንጥ ልናወራችሁ መጥተናል። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኛም መጀመሪያ ስቀናል፤ ኋላ ነው ያለቀስነው።

እኛ ቤት ሦስት ነን፤ አያት፣ እናትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ሁለታችን መተሐራ ስላደግን ጫማችንን ሳናራግፍ አንጫማም። ሜሪላንድ መጥተንም ይህ ልማድ አለቀቀንም። ልጃችን ግን ከአገር ከወጣን ወዲህ ዝምታ አብዝቶ ነበር። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ክፍሉ ይገባል። አንድ ቀን የቤት እንስሳት መሸጫ ውስጥ አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ቆመና ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራን። ያወራን ስለ ጊንጥ ነበር። እምቢ የምንልበት አንጀት አጣን። ስሟን «ጥቁሬ» አላት።

ጥቁሬ «ኢምፐረር» ከሚባለው፣ ከምዕራብ አፍሪካ ከሚመጣው ትልቅ ጥቁር የጊንጥ ዓይነት ናት። ንድፊያዋ ለብዙ ሰው ከንብ አይብስም ይባላል፤ ሰውነቱ የማይቀበለውን ሰው ግን ሊጎዳ ስለሚችል በእጃችን ነክተናት አናውቅም። ሁሉም ነገር በረጅም ወረንጦ ነው።

ጊንጥ አጥንቱ ከላይ ነው ማለት ይቻላል። ቅርፊቱ አብሮት ስለማያድግ፣ ለማደግ አሮጌውን ጥሎ መውጣት አለበት። ከዚያ በፊት መብላት ያቆማል፣ ይፈዛል፣ ይደበቃል። ቅርፊቱ ከፊት በኩል ይሰነጠቅና እግሩን፣ መቆንጠጫውን፣ ጅራቱን አንድ በአንድ እየሳበ ይወጣል። ሲወጣ ገርጥቶና ለስልሶ ነው፤ እስኪጠነክር ቀናት ይፈጃል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው እርጥበት ነው። አየሩ ከደረቀ አሮጌው ቅርፊት ይጣበቅበታል።

ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው። በጥር ብርዱ ሲጠና፣ እንዳይበርዳት ብለን ሣጥኗን ማሞቂያው አጠገብ አስጠጋነው። የእርጥበት መለኪያው 75 እና 80 መካከል መሆን ሲገባው ከ40 በታች ወርዷል። ቁጥር ማንበብ ሥራዋ የሆነች ሰው እቤታችን እያለች አላየነውም።

አንድ ጠዋት ግማሽ አካሏ ወጥቶ አገኘናት። ግራ መቆንጠጫዋና ሁለት የኋላ እግሮቿ አሮጌው ቅርፊት ውስጥ ቀርተዋል። ልጃችን ወረንጦውን አንሥቶ ሊጎትት ሲል አያቱ እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፤ ጫጩት እንኳ ከእንቁላሉ ጎትተው ካወጡት ይደማል። ውሃ አምጣ» አሉት።

የእንስሳት ሐኪሞች ጋ ደወልን፤ ጊንጥ የሚያይ አላገኘንም። ስለዚህ አንብበን የተረዳነውን አደረግን። ሣጥኑን ከማሞቂያው አራቅን። ለብ ያለ ውሃ እሷ ላይ ሳይሆን በጥግ በኩል ባለው የኮኮናት ቃጫ አፈር ላይ አፈሰስን፤ ክዳኑን በከፊል ሸፈንን። ውስጥ የቀረችውን ፌንጣ አወጣን፤ የለሰለሰ ጊንጥን ፌንጣ ራሱ ሊበላው ይችላልና። ከዚያ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ በለብታ ውሃ እየነከርን የተጣበቀውን ቅርፊት ብቻ አራስነው። አልጎተትንም። በየጥቂት ሰዓቱ እየተፈራረቅን ይህንኑ ደገምን።

በዚያ ሌሊት ልጃችን «የገደልኳት እኔ ነኝ?» አለን። ሣጥኑን ወደ ማሞቂያው የገፋው እሱ ነበር። «አስጠጉት ያልነው ሁላችንም ነን፤ መለኪያውን ያላየነውም ሁላችንም ነን» አልነው። ከመጣን ወዲህ ሲያለቅስ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማውራቱን አላቆመም። አገር ቤት የቀሩትን ጓደኞቹን፣ ክፍል ውስጥ አነጋገሩ እንደሚሳቅበት፣ ሁሉን ነገረን። አንድ ዓመት ሙሉ አብረነው ስንበላ ይህን አናውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የእግሮቿ ቅርፊት ለቀቀ። መቆንጠጫዋ ግን ተጣሞ ደረቀ። አሥራ አንድ ቀን ምንም አልበላችም። ልጃችን እንደ ሂሳብ መዝገብ መስመር አስምሮ እርጥበቱን፣ ሙቀቱን፣ ውሃ መጠጣት አለመጠጣቷን በየቀኑ መዘገበ። ብዙው ገጽ «ለውጥ የለም» የሚል ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሞተች ፌንጣ ጨፍልቀን በወረንጦ አፏ አጠገብ ስናደርስላት በደህናው መቆንጠጫዋ ያዘች። አያት እልል አሉ፤ ጎረቤት በር አንኳኳ።

እህቶቻችን፣ ይህን ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ የመጣች እህት ስትቸገር እኛም እንደ ልጃችን ወረንጦ ማንሣት ይቀናናል። ቅጹን እንሞላላታለን፣ ስልኩን እንደውልላታለን፣ በእሷ ቦታ እንናገራለን። አንዳንዴ የሚያስፈልጋት ግን ራሷ እስክትወጣ ዙሪያዋን ማራስ ነው፤ ልጇን መያዝ፣ የአንድ ወር ኪራይ ማገዝ፣ ሄዶ ቡና አፍልቶ አብሮ መቀመጥ። ደጋፊዎቻችንም በየሦስት ወሩ ውጤት ትጠይቁናላችሁ፤ መጠየቃችሁም ተገቢ ነው። ሪፖርታችን ላይ «ለውጥ የለም» የሚል ወር ስታዩ ግን ሥራ ያልተሠራበት ወር ነው አትበሉ። የጥቁሬም መዝገብ እንዲያ ነበር።

ጥቁሬ ዛሬም አለች። ግራ መቆንጠጫዋ አይከፈትም፤ ስለዚህ ምግቧን ገድለን እንሰጣታለን። ጊንጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲያዩት አረንጓዴ ያበራል፤ ቅርፊቱን ገና እንደጣለ ግን አያበራም። ልጃችን በየማታው መብራቱን ይዞ ይጠብቅ ነበር። አሁን ደምቃ ስታበራ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጊንጥ ሲፈሩ የኖሩት አያቱ ናቸው «ና፣ አብራልኝና ልያት» የሚሉት።