ሐኪም ተገኝቶ ቁልፍ ሲታጣ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ከአምባሰል ተራራ ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክመን በወረድን ጊዜ ሐኪሙን አገኘነው፤ የታጣው የመድኃኒት ቤቱ ቁልፍ ነበር። ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ሄዷል። ሐኪሙም ከእኛው ጋራ ቆሞ ጠበቀ።

ሆስፒታል ማስተዳደር ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ሙያ የማስተርስ ትምህርት ከፍቷል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በሥራ ላይ የነበሩ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ነበሩ፤ ክፍል ገብተው የገንዘብና የሠራተኛ አያያዝ ይማሩ፣ ተመልሰውም በየሆስፒታላቸው ይሠሩበት ነበር። እኛ ግን ይህን የጸሐፊ ሥራ ብለን እንንቀው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ክፍላችንን ጠይቀን ነበር። ሐኪም ልሁን የሚል 11 ሰው ቆጠርን፤ ሆስፒታል ላስተዳድር ያለ አንድም አላገኘን።