ወላጅ የሚያየውና መምህር የሚያየው



መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ልጆች የተለዩት ከትምህርት ብቻ ሳይሆን ከጓደኞቻቸውና ከመምህሮቻቸው ጭምር ነበር። የልጅ ጭንቀት ብዙ ጊዜ በቃል አይነገርም፤ በቤት እንቅልፍ በማጣት ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ የሆድ ሕመም፣ በክፍል ደግሞ በዝምታ፣ በቁጣ ወይም ትኩረት በማጣት ይገለጣል። ወላጅ ግማሹን፣ መምህርም ግማሹን ያያል። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ጭንቀቱ እንደ ስንፍና ተቆጥሮ ልጁ ለቅጣት ይዳረጋል።

ስለዚህ በቤት ሐዘን ወይም ችግር ሲደርስ ወላጅ ለክፍል ኃላፊው መምህር ይንገር፤ መምህሩም ምሥጢር ጠብቆ ያስተዋለውን ያካፍል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም ይህን ውይይት ልማድ ያድርገው። ለውጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ ልጁ ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም።