የአየርላንድ ባቡርና ወዳጆቹ

(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር የወሩ ስብሰባ ላይ በሁለት አባላት የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ውጭ አገር ኑሯችሁ አንድ ነገር ንገሩን» ባሉን ጊዜ፣ እኅትና ወንድም ተቀምጠን ተመካከርን። ስለ ሕንፃውና ስለ ገበያው ሌላው ይንገራችሁ፤ እኛ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ነንና ስለ ባቡር እንናገር ብለን ቆረጥን። አባታችንን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ለገሐር ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ነበሩ። እኛ ደግሞ በአየርላንድ፣ በዳብሊን ከተማ፣ ስድስት ዓመት ኖረን መጥተናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ወደኛው ስንመልስ እንዳንሳሳት ፈርተን ነውና ይቅርታ አድርጉልን።

አየርላንድ ትንሽ ደሴት ናት። የመጀመሪያው ባቡሯ በዲሴምበር 1834 ከዳብሊን ተነሥቶ ኪንግስታውን ወደሚባለው ወደብ ሄደ፤ ዛሬ ስሙ ዳን ሊሪ ነው። መንገዱ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሐዲዱ አገሩን እንደ ሸረሪት ድር አለበሰው። በ1920 ገደማ 5,600 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሶ ነበር። አውቶቡስና የጭነት መኪና ሲመጣ መዘጋት ተጀመረ፤ በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየዓመቱ አንድ መሥመር ሲነቀል፣ ጣቢያው ሲሸጥ፣ ማሽኑ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሄድ ከረመ። ዛሬ የቀረው ከግማሽ በታች ነው።

እንግዲህ የባቡር ወዳጆች የምንላቸው ከዚህ ኀዘን ውስጥ የወጡ ሰዎች ናቸው። የባቡርን ታሪክ የሚመዘግበው ማኅበራቸው በ1946 ተቋቋመ። ሠራተኞች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ አስተማሪ አለ፣ ቄስ አለ፣ ሐኪም አለ። የጉዞ ሰሌዳውን፣ የማሽኑን ቁጥር፣ የሠራተኛውን ደብተር እየሰበሰቡ ያኖራሉ። መጀመሪያ ሳቅንባቸው። ዝናብ እየመታው መድረኩ ላይ ቆሞ የባቡር ቁጥር የሚጽፍ ሽማግሌ ስታዩ ምን ትላላችሁ? እኛ «ሥራ ፈት» ነበር ያልነው።

ስለ ሐዲዳቸው ስፋት ትንሽ እንናገር፣ ነገሩ የሚያስቅ ነውና። የአባታችን ሐዲድ፣ የጅቡቲው፣ አንድ ሜትር ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ መሥመራችን 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ዓለምም ይኸው ነው። በአየርላንድ የዳብሊኑ ኩባንያ በ1435 ጀመረ፣ የቤልፋስቱ በ1880 ሠራ፣ በመካከል ያለው ሌላው ደግሞ የራሱን መረጠ። እነዚህ ሐዲዶች ሲገናኙ ባቡሩ በምን ይለፍ? ጄኔራል ፓስሊ የሚባሉ የመንግሥት ሰው ሸምጋይ ሆነው መሐል ለመሐል የሆነ ልክ አወጡ፤ 1600 ሚሊ ሜትር። በ1846 ሕግ ሆነ። የሽምግልና ሐዲድ በሉት። ዛሬ ይህ ልክ ከአየርላንድ ሌላ በአውስትራልያና በብራዚል ነው የሚገኘው።

ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ የሞዴል ሠሪዎቹን ራስ አዞረ። የአየርላንድ ሰው ቤቱ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ትንሽ ባቡር መሥራት ይወዳል። ከሱቅ የሚገዛው ትንሽ ሐዲድ ግን ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአየርላንዱ ሐዲድ በዚያው መጠን ቢታነስ 21 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። ልዩነቱ የጣት ጥፍር አይሞላም። አንዳንዱ «ማን ያየዋል» ብሎ የሱቁን ይዘረጋል። ሌላው ግን እያንዳንዱን ሐዲድ በእጁ ይሠራል፣ የእያንዳንዱን ፉርጎ መንኮራኩር አውጥቶ ያሰፋል። አንድ ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ሰው ነበር። የአንዲት ትንሽ ጣቢያ ሞዴል ሲሠራ ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ እኛ አገር ለቀን ስንመጣም አልጨረሰም። ያቺ ጣቢያ አያቱ በር ከፋች የነበሩባት፣ ዛሬ ግን ከብት የሚግጥባት ናት። ከዚያ ወዲያ «ሥራ ፈት» ማለቱን ተውን።

በዚህ ሥራ የታወቀው ሲሪል ፍራይ ነው። በዳብሊን ኢንቺኮር በሚባለው የባቡር ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ማታ ማታ ቤቱ ገብቶ ቀን በትልቁ ያየውን በትንሹ ይሠራዋል። የዋናውን ማሽን ንድፍ እየተከተለ እስከ ብሎኑ ድረስ ነው የሠራው። በ1972 ሲሞት ሥራው እንዳይበተን ተደረገና፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማላሃይድ ግንብ ለሕዝብ ታየ። ኋላ ከዚያ ወጥቶ ለዓመታት ተከዝኖ ቆየ። ከ2020 ጀምሮ እዚያው ማላሃይድ የራሱ ሙዚየም አለው። ልጆች መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አይላቀቁም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አልተላቀቅንም።

ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሊስቶወል ስትሄዱ ደግሞ የግመል ባቡር አለ። አትሳቁ፤ ላርቲግ የሚባል ፈረንሳዊ አልጄሪያ ውስጥ ግመል ሸክሟን ግራና ቀኝ አመጣጥና ስትሄድ አይቶ ነው ያሰበው ይባላል። ሐዲዱ አንድ ብቻ ሆኖ ከመሬት ከፍ ባለ እግር ላይ ይጋደማል፤ ፉርጎው እንደ አህያ ጭነት በሁለት በኩል ይንጠለጠላል። በ1888 ተከፍቶ እስከ 1924 ድረስ ሠርቷል። ጣጣው ሚዛኑ ነው። አንድ ቤተሰብ ፒያኖ ባስመጣ ጊዜ በሌላው ወገን ሁለት ጥጃ ተጭኖ፣ ጥጆቹን ለመመለስ ደግሞ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሆነው እንደሄዱ ይወራል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ የኛ አገር ጫኝ ቢሆን ድንጋይ ጭኖ ይገላገል ነበር። በ2003 የአገሩ ሰዎች አጭር መሥመር መልሰው ሠርተው ጎብኚ ያስጭናሉ፤ እኛም ወጥተንበታል።

ስለ ዌስት ክሌር መሥመርም ሳንናገር አናልፍም። ፐርሲ ፍሬንች የሚባል ዘፋኝ በ1896 ለዝግጅት ሲሄድ ባቡሩ ዘገየበትና ገቢው ቀረበት። ከሶ አሥር ፓውንድ ተፈረደለት፤ እሱ ግን በዚህ አልበቃውም፣ በባቡሩ ላይ ዘፈን አወጣበት። መሥመሩ በ1961 ተዘጋ፤ ዘፈኑ ግን እስከ ዛሬ ይዘፈናል። ከመሥመሩ ማሽኖች አንዷ፣ በ1892 የተሠራችው «ስሊቭ ካላን»፣ ለብዙ ዓመት በኤኒስ ጣቢያ እንደ ሐውልት ቆማ ኖራ፣ በ2009 ታድሳ ወደ አገሯ ተመልሳ እንደገና ጢሷን አጨሰች።

አሁን ዋናው ነገር ይኸው ማደሱ ነው። በ1964 የአየርላንድ የባቡር ጥበቃ ማኅበር ተመሠረተ። ሥራው በሰሜን፣ ዋይትሄድ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባላቱ በፈቃዳቸው፣ ያለ ደመወዝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቱታቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ከማሽኖቻቸው መካከል 4 ቁጥር የምትባለዋን ወደድናት። በ1947 የተሠራች ናት፤ አየርላንድ ውስጥ በእንፋሎት የሚጎተት መደበኛ የባቡር ሥራ ሲያበቃ፣ በ1970 አካባቢ ለአውራ ጎዳና ሥራ ድንጋይና አፈር ስትጎትት ከርማ፣ በ1971 ማኅበሩ ገዛት። ከዚያ ወዲያም በዋናው ሐዲድ ላይ ወጥታለች። ሌላዋ 184 ቁጥር ናት፤ በ1978 ሾን ኮነሪ በሠራበት የባቡር ዘረፋ ፊልም ላይ ታይታለች።

ታዲያ ሥራው ቀላል አይደለም። የእንፋሎት ማሽን ጋኑ በየጊዜው ተፈትቶ ካልተመረመረ እሳት አይነድበትም፤ ቱቦው ሁሉ ወጥቶ ሌላ ይገባል፣ ይህ ዓመታት ይፈጃል። ገንዘቡ ከልመናና ከትኬት ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ግን እጅ ማጣት ነው። ጋን መሥራት ከሠራተኛ የተማሩት ሰዎች አርጅተዋል፤ ወጣት ካልተማረላቸው በመጽሐፍ ብቻ አይሆንም። ዳውንፓትሪክ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች መሥመር ደግሞ በኖቬምበር 2023 ጎርፍ ገብቶበት ጉዳት ደርሶበታል።

አንድ የሚያከራክር ነገር እንጨምር። የተነቀሉት መሥመሮች መሬት ምን ይሁን? በምዕራብ ከዌስትፖርት ወደ አኪል ያለው፣ በደቡብ ደግሞ ከዋተርፎርድ ወደ ደንጋርቫን ያለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነዋል። ብዙ ሰው ደስ ብሎታል። አንዳንዱ የባቡር ወዳጅ ግን «ሐዲዱን ቀበራችሁት» ብሎ ያኮርፋል። በእኛ አስተያየት ተሳስተዋል፤ መንገዱ እስካልተሸነሸነ ድረስ ባቡሩ መመለስ ይችላል። የዳብሊኑ የሐርኮርት ጎዳና መሥመር በ1958 መጨረሻ ተዘግቶ፣ ከፊሉ በ2004 የከተማ ባቡር ሆኖ ተመልሷል። ገበሬ ቤት ከሠራበት ግን ማን ያስነሣዋል?

ደግሞም ባቡር እዚያ የፖለቲካ ነገር አለበት። ደሴቲቱ ለሁለት የተከፈለች ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዳብሊን ቤልፋስት ያለው ሐዲድ በፈንጂ ደጋግሞ ሲቋረጥ፣ በ1989 ከሁለቱም ወገን ሰዎች ተሰባስበው «የሰላም ባቡር» ብለው ተሳፈሩበት። የጥበቃ ማኅበሩም በእነዚያ ክፉ ዓመታት ሁሉ የሁለቱን ወገን ሰው አንድ ፉርጎ ላይ ያሳፍር ነበር።

ወደ ራሳችን እንመለስ። አንድ ቀን ዋይትሄድ፣ የመብራት ፋኖስ የሚወለውል ሽማግሌ አባታችን የባቡር ሰው እንደነበሩ ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ቆመና «ከሥራቸው ምን ተረፈላችሁ?» አለን። መልስ አጣን። አባታችን ባረፉ በዓመቱ ቤት ስናጸዳ ኮፍያቸውን፣ ደብተራቸውንና የምልክት ፋኖሳቸውን ለቁራሌው የሰጠነው እኛው ነን። እናታችን «ተዉ» ብለው ነበር።

ስለዚህ የመጣነው በጥያቄ ነው። በዚህ ሰፈር የባቡር ጡረተኛ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሳጥን ውስጥ የቀረ ትኬት፣ ፊሽካ፣ ፎቶግራፍ፣ የሥራ ደብተር ያላችሁ፣ አምጡልን ሳይሆን አሳዩን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ እንቀመጣለን፤ የዕቃውን ዓይነትና የባለቤቱን ስም በደብተር እንጽፋለን፣ ዕቃው ከቤታችሁ አይወጣም። ጡረተኞች አባቶች ደግሞ ቢመጡልንና ሥራውን በቃላቸው ቢነግሩን እንጽፋለን።

የአባታችን ፋኖስ አረንጓዴው መስታወቱ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ ነበር። በሰው ቤትም ሆነ ምናለሽ ተራ ያየ ካለ ይንገረን።