ዕቅድና ድረ ገጽ፦ ከአንዲት አነስተኛ የወተት ንግድ የተገኘ ትምህርት



የንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ አነስተኛ ንግድ የሚጀምር ሰው የንግድ ዕቅዱንና የመጀመሪያ ድረ ገጹን ጎን ለጎን ቢሠራ ይበጀዋል። ምክንያቱን ለማስረዳት ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከዚሁ አካባቢ ወተት ሰብስባ አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦች ለማድረስ አሰበች። ዕቅዷን እንዳርምላትም ጠየቀችኝ። ዕቅዱ 30 ገጽ ነበር፤ የገበያ ጥናቱ፣ የትርፍ ግምቱ፣ የአምስት ዓመቱ ራእይ ሁሉ ተሟልቷል። አንብቤ «ደኅና ነው» አልኳት። እርሷም በዕቁብ ባገኘችው ገንዘብ ትልቅ የወተት ማቀዝቀዣ ለመግዛት ተዘጋጀች።

በዚያው ሰሞን ድረ ገጹን የሚሠራላት ወጣት የትእዛዝ መቀበያውን ቅጽ ሲያዘጋጅ ሦስት ጥያቄዎች አቀረበላት። ወተቱ የሚደርሰው በየትኞቹ ቀኖችና ሰዓቶች ነው? ደንበኛው ቤቱ ባይገኝ ኪሳራው የማን ነው? በጾም ቀንስ ገጹ ምን ይበል?

ሠላሳው ገጽ ለአንዳቸውም መልስ አልነበረውም። የከበደው ደግሞ ሦስተኛው ነበር፤ የዓመቱን ሽያጭ ያሰላነው የአንድ ቀኑን በ365 አባዝተን ነውና። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን እንደሆነ፣ ረቡዕና ዓርብም እንደሚጾሙ፣ ላሞች ግን በጾም ወተት እንደማያቆሙ ለጫንጮ ሰው አይነገርም። እኔ ግን ያንን ስሌት አይቼ አልፌዋለሁ።

እንደገና አሰላን። ትልቁ ማቀዝቀዣ ቢገዛ በጾም ወራት ገዢ ያጣ ወተት ማከማቻ መሆኑ ነበር። ስለዚህ በትንሽ ማቀዝቀዣ ተወሰነች፤ በቀረው ገንዘብ የወተት ቅባት መለያ ማሽን ገዛች። በጾም የሚተርፈው ወተት ቅቤ ሆነ፤ ቅቤውም ተነጥሮ ለፋሲካ ገበያ ይቆያል። ያ ወጣት ባይጠይቃት ኖሮ የዕቁቡ ገንዘብ በእኔ ምክር በጠፋ ነበር።

ልዩነቱ ከምን መጣ? የንግድ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ለአበዳሪ ነው፤ አበዳሪ ድምሩን ያያል። ድረ ገጽ የሚጻፈው ለገዢ ነው፤ ገዢ ዋጋውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጠይቃል። በገጹ ላይ ባዶ የሚቀር ሥፍራ ሁሉ ነጋዴው ገና ያልወሰነው ጉዳይ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያን በስልክ መቀበል ቀላል ሆኗል፤ ገንዘቡ ከመረከብ በፊት ይከፈል ወይስ በኋላ የሚለውን ግን ቴሌብር አይወስንልንም። በተጨማሪም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ግብይት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ በገጻችሁ የምትጽፉት ቃል እንደ ማስታወቂያ ብቻ አይታይ፤ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር የመሠረተችው ሶልሬብልስ፣ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን የበረባሶ ጥበብ ይዞ እስከ ውጭ አገር ገዢዎች ደርሷል። ከአነስተኛ መንደር ተነሥቶ ሩቅ ገበያ መድረስ እንደሚቻል ይህ ማስረጃ ነው።

ይህን ስል ግን ድረ ገጽ ዕቅድን ይተካል ማለቴ አይደለም። የመኖ ዋጋ፣ ግብርና የዕለት ጥሬ ገንዘብ በገጹ ላይ አይታዩም፤ እነርሱን የሚይዘው ዕቅዱ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ለባለሙያ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ወረቀት ውሰዱ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሸጡ፣ በስንት እንደምትሸጡ፣ መቼና የት እንደምታደርሱ፣ ቅሬታ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ በየወረቀቱ ጻፉ። መጻፍ ያቃታችሁ ወረቀት ካለ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እርሱ ላይ ቆዩ። የድረ ገጹ ስምም በባለሙያው ሳይሆን በራሳችሁ ስም ይመዝገብ።