ሽመላውን ለምን አላነሳኸውም?

ዛሬ ስለ ወፍ ነው የማወራችሁ። አዎ፣ ስለ ወፍ። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ የጀመረኝ ጻባ እያለሁ ነው። ሰሜን ነበርን፤ ጎህ ሲቀድ ጥበቃው የእኔ ነበር። አንድ ጠዋት ከሁላ ሸለቆ በኩል ሰማዩ በሙሉ ጮኸ። ቀና ስል ዓጉሮች ናቸው፤ ረድፍ በረድፍ፣ ማለቂያ የላቸውም። እዚያ በክረምት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓጉሮች እንደሚያድሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከጻባ እንደወጣሁ በመጀመሪያው ደመወዜ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ።

የምንኖርባት አገር ትንሽ ናት፤ ለወፍ ግን ትልቅ በር ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን የሚሆኑ ወፎች በላይዋ ያልፋሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽመላና ንስርን የመሳሰሉ ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ አይሄዱም፤ ይደክማቸዋል። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከመሬት ሲነሳ እሱ ላይ ተንሳፈው ይወጣሉ፣ ከዚያ ቁልቁል ተንሸራተው ወደሚቀጥለው ይደርሳሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ ባሕሩን ዞረው በየብስ ያልፋሉ። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ በየብስ የሚሄድ ደግሞ በእኛ በኩል ነው የሚመጣው። ነጭ ሽመላ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ያልፋል።

ይህን ሥራ የያዘ ጥቁር ልጅ ብዙ አይደለም። ረጅም ሌንስ ይዤ ሜዳ ላይ ተኝቼ ሁለት ጊዜ ተዑዳት ዜሁት ተጠይቄያለሁ። አሳየሁ፣ ወፏንም አሳየሁ፣ ሄዱ። ወፏም ሄደች። የዛሬው ወሬ ግን ይህ አይደለም።

ወፍ የሚከታተሉ ሰዎች «አዲስ ዝርያ» ሲሉ ሳይንስ የማያውቀው ማለታቸው አይደለም፤ «እኔ በዓይኔ አይቼው የማላውቀው» ማለታቸው ነው። ሁሉም የየራሱ ዝርዝር አለው። እኔም ነበረኝ፤ ሕጌም ጥብቅ ነበር፦ ፎቶ ያላነሳሁት አይቆጠርም። ዝርዝር ደግሞ እንደ ጨዋታ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይላል፣ ካልጨመረ ቀኑ የባከነ ይመስላል።

በ2019 ኦክቶበር ላይ ወደ ኢትዮጵያ ሄድኩ። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ የሆነበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፤ ከእነሱም ውስጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ አሉ። አሥራ አንድ ቀን ነበረኝ፦ ጎንደር፣ ስሜን፣ ባሕር ዳር። የማነሳቸውን ወፎች በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ ጽፌ ይዣለሁ። በአማርኛ ግን ከአምስት በላይ አላውቅም ነበር።

እናቴ የወገራ ልጅ ናት። በ1984 ከሰፈሯ ስትወጣ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ በእግር፣ በሱዳን በኩል። ስለዚያ ስንጠይቃት «አለፈ» ነው የምትለን። ስለ ልጅነቷም ብዙ አታወራም። ልሄድ ስል ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወገራን ስታልፍ ቆም በል።» እሺ አልኳት።

ጎንደር የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር። ፋሲል ግቢ ሰው ሁሉ ግንቡን ያነሳል፣ እኔ ግንቡ ላይ ያለችውን እርግብ። አንገቷ ላይ ነጭ አለባት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትኖርም። አንድ የግቢው ጠባቂ ቆመው አዩኝና «ምን አግኝተህ ነው ልጄ?» አሉ። «እርግብ» አልኳቸው። «እናንተ አገር እርግብ የለም?» አሉኝ። ምን ልበላቸው!

በማግስቱ ወደ ደባርቅ ተነሳን። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በወገራ መሐል ያልፋል። አምባ ጊዮርጊስን አለፍ እንዳልን፣ በስተግራ ባለው ግጦሽ ላይ፣ ከብቶቹ መሐል ነጭ ነጭ ነገር አየሁ። ሽመላዎች ናቸው። ሃምሳ ስልሳ ይሆናሉ፤ ከብቱ ሲረግጥ የሚነሳውን አንበጣ እየለቀሙ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ሽመላ! ላቁም እንዴ?»

ሰዓቴን አየሁ። ብርሃኑ ሳይሄድ ሳንቃበር መድረስ እፈልጋለሁ። የሽመላ ፎቶ ቤቴ በሺዎች አለኝ፤ ሽመላ ለዝርዝሬ አዲስ አይደለም።

«አይ፣ ቀጥል» አልኩት። «ሽመላ እኛ አገር ሞልቷል።»

ቀጠለ።

ስሜን እንደደረስን ሌላ ዓለም ነው። አብረውን ጠመንጃ የያዙ አንድ ስካውት አሉ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው። ምሳ ስንበላ ቁራ መጣ። የእኛ አገር ቁራ አይምሰላችሁ፤ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት። ይህም የዚያ አካባቢ ብቻ ነው። ዳቦዬን ከእጄ ሥር ወስዶ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ በላ። «የቁራ መልእክተኛ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሄዶ የማይመለስ። ይኼኛው ግን ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

ትንንሾቹን ወፎች እየጠቆምኩ ስካውቱን «ጋሼ፣ ይቺ ማን ትባላለች?» እላለሁ። «ወፍ ናት» ይሉኛል። «ይቺስ?» «እሷም ወፍ ናት።» መጀመሪያ ሳቅሁ፤ አያውቁም ብዬ። በኋላ ሳይ የትኛዋ ከየትኛው ቋጥኝ ሥር እንደምትተኛ፣ የትኛዋ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደምትጮህ ያውቃሉ። እኔ ስሙን ይዣለሁ፣ እሳቸው ወፏን።

በጣም የምፈልገው አንድ ነበር። በዕብራይስጥ ፔሬስ ይባላል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11፣ ከማይበሉት ወፎች ዝርዝር ውስጥ ገና መጀመሪያ ላይ አለ። ስሙን ከልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ እስራኤል ውስጥ መራባት ካቆመ ግን ብዙ ዓመታት ስላለፉ አይቼው አላውቅም። ይህ አሞራ በዋናነት የሚበላው አጥንት ነው። ትልቁን አጥንት ይዞ ሰማይ ይወጣና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላል። ደረቱ የዛገ ብረት የመሰለው ብረት ባለበት ቀይ አፈር ስለሚታጠብ ነው።

ጨነቅ በሚባለው ቦታ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀመጥን። እዚያ ወፉን የምታየው ከላይ ሆነህ ነው፤ እሱ ከሥርህ ይበራል። እኔ አንገቴን ደፍቼ የጠዋቱን ፎቶ ከካሜራው ላይ እያጠፋሁ ነበር፣ ካርዱ ሞልቶብኝ። ነፋስ የሰማሁ መሰለኝ። ስካውቱ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና «አለፈህ» አሉ። ቀና ስል ጀርባው ብቻ፣ ሩቅ።

«ይመለሳል?» አልኳቸው። «እሱ ሥራ አለው» አሉ። ከዚያ ከታች ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩኝ፤ አጥንት የሚሰብርበት ነው። ሦስት ሰዓት ጠበቅን። የሹተሩን ፍጥነት በሴኮንድ 1/2000 አድርጌ፣ ፎከሱን ድንጋዩ ላይ አስተካክዬ፣ እጄ በብርድ ደንዝዞ። መጣ። አጥንቱ እግሩ ላይ ነበር። ለቀቀው፣ ድምፁ ገደሉ ውስጥ ተሰማ፣ እየዞረ ወረደ። ሁለት መቶ ፎቶ አነሳሁ፤ ጥርት ያለው ዘጠኝ ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ እነዚያን ዘጠኙን እያየሁ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባሕር ዳር ላይም ቀናኝ። በዘጌ ጫካ ውስጥ አረንጓዴ ሆና ስትበር ብቻ ቀይ ክንፏን የምታሳይ ወፍ አለች፤ ጉንጯ ነጭ ነው። የክንፏ ቀለም ውስጥ መዳብ አለበት፤ እውነተኛ መዳብ። በጠቅላላው አርባ ሦስት አዲስ ዝርያ ይዤ ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀንቶኝ አያውቅም።

ሰንበት እንደወጣ እናቴ ቤት ሄድኩ። ቡና አፈላች። ፎቶዎቹን በቴሌቪዥኑ ላይ አንድ በአንድ አሳየኋት። «ጥሩ ነው» ትላለች፣ «ጎሽ» ትላለች። ታውቋቸዋላችሁ እናቶቻችንን፤ ልጅ እንዳይከፋው ነው። ቁራው ሲመጣ ግን ድንገት ሳቀች።

«ይሄ ሌባ! ቋንጣ ጠብቂ ተብዬ እንቅልፍ ወስዶኝ ሁሉን ይዞብኝ ሄዶ ተገርፌያለሁ።»

ስለ ልጅነቷ ሳትጠየቅ ስታወራ ያኔ መስማቴ ነው። የሰጡበት ቦታ የት እንደነበር፣ የገረፏት አያቷ እንደነበሩ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ፔሬሱን ግን በጨረፍታ አይታ አለፈችው። ያን ሁሉ ብርድ!

ፎቶው አለቀ። «ሽመላስ? አላየህም?» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ የታለ?»

«አላነሳሁትም፣ እማዬ። እዚህም ስላለ።»

«የት አየኸው?»

«አምባ ጊዮርጊስን አለፍ ብለን።»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «ወገራ ላይ! ሽመላውን ለምን አላነሳኸውም? ቆም በል አላልኩህም?»

ሁላችሁም ከቤታችሁ ሰምታችሁታል። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ሽመላ ሲያልፍ እየሮጡ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት ነበር፤ ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ወደዚያ ነው የሚመለሰው ተብሎ። እኔም በትምህርት ቤት፣ በሲግድ በዓል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንደ ተረት ነበር የማየው። እናቴ ከሚጠይቁት ልጆች አንዷ መሆኗን አስቤው አላውቅም።

«እኛ ስንጠይቀው መልስ አይሰጠንም» አለችኝ። «ዝም ብሎ ነው የሚያልፍ። አንተ ከኢየሩሳሌም ተነስተህ እዚያው መሬት ላይ አገኘኸው። ሰላም ሳትለው አለፍክ።»

ምንም አልመለስኩም። የሚመለስም የለውም።

ያን ሌሊት የሽመላን መንገድ በካርታ አየሁ። ከእኛ በሲና፣ በዓባይ በኩል፣ በሱዳን አድርጎ ነው የሚወርደው፤ በዚያው ነው የሚመለሰው። ሱዳን። ወላጆቻችን በእግራቸው የሄዱበት፣ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን በመንገድና በካምፕ የቀሩበት። ይህን መንገድ ለስንት ዓመት «የፍልሰት መስመር» እያልኩ ለሰው ሳስረዳ ኖሬያለሁ፤ የእናቴ መንገድ መሆኑን አንድም ቀን አላልኩም።

ተመልሼ ልሂድና ላንሳው አልኩ። ግን ከ2020 ወዲህ በዚያ በኩል ጦርነቱም ግጭቱም መጣ፤ እስካሁን አልተመለስኩም። ያ ግጦሽ፣ ያ ብርሃን፣ እነዚያ ከብቶች ቀሩብኝ።

በሚቀጥለው ማርች እናቴን ይዤ ቤት ሸዓን ሸለቆ ወረድኩ። ሽመላዎቹ ከአፍሪካ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲቀዘቅዝ እየዞሩ መውረድ ጀመሩ፤ እርሻው ነጭ ሆነ። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አጥብቃ ቆመች። ልትጠይቃቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀችም። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ከስተዋል» አለች። «ከመንገድ ናቸዋ።»

ጠጋ ብዬ ላነሳ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ተው፣ ይረፉ።»

ከቆምንበት አነሳሁ፤ ሩቅ ነው፣ ወፎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ከፊት ለፊት የእናቴ ጀርባ አለ። እንደ ወፍ ፎቶ ካያችሁት ደካማ ነው። ዝርዝሬ ውስጥም አልገባም። ሳሎኗ ውስጥ የሰቀለችው ግን እሱን ነው፤ ፔሬሱ ኮሪደር ላይ ነው ያለው።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ባጭሩ፦ መጀመሪያ ካሜራ አትግዙ፣ ትንሽ ቢኖኩላር ይበቃል። ለሽመላ ማርችን ወይም የኦገስትን መጨረሻ ያዙ። ጎጆ ያለበት አትጠጉ፣ ወፉ እንዲመጣላችሁ ብላችሁ በስልክ የተቀዳ ድምፅ አታሰሙ። ያነሳችሁትንም አፕሊኬሽኑ ከመንገሩ በፊት ወላጅ ካላችሁ፣ አያት ካላችሁ አሳዩና ጠይቁ። «ወፍ ናት» ቢሏችሁም ትንሽ ቆዩ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ አለ።