ኤሚል ሞልትና የሠራተኞቹ ልጆች



የትምህርት ቤት በዓል በተከበረ ቍጥር የመሥራቾች ስም ይነሣል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ሩቅ አገር ሰው፥ ስለ ጀርመናዊው ባለፋብሪካ ስለ ኤሚል ሞልት ነው። እርሱን የመረጥነው፥ ትምህርት ቤት እንዲከፍት የጠየቁት የገዛ ሠራተኞቹ ስለ ሆኑ ነው። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠራለን።

ሞልት በ1876 ዓ.ም. ሽቬቢሽ ግሙንድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ስለ ሞቱበት ያደገው በዘመድ እጅ ነው፤ ንግድንም የተማረው በካልቭ ከተማ ነበረ። በ1906 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋር በሽቱትጋርት ዋልዶርፍ አስቶሪያ የተባለውን የሲጋራ ፋብሪካ አቋቋመ። ትምባሆ ነውር ነው ሲባል ላደግን ለእኛ፥ የሲጋራ ገንዘብ ትምህርት ቤት አቆመ ብሎ መናገር ጥቂት ይከብደናል፤ ነገር ግን ታሪኩ እንዲህ ነውና አንሸፍነውም።

በ1918 ዓ.ም. ጀርመን በጦርነት ተሸነፈች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዙፋኑን ለቆ ሸሸ፤ ሕዝቡም ተራበ። ሞልት በዚያ ጊዜ ሠራተኞቹ በሥራ ሰዓት፥ ደመወዛቸው ሳይቀነስ፥ ትምህርት እንዲሰሙ አደረገ። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ አንዱ፥ ልጁ ጎበዝ ስለ ሆነ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲገባ መምህሩ እንደ መከረው አጫወተው። አባትየው ደስ ብሎታል፤ ነገር ግን ገንዘቡን ከየት ያመጣል? በዚያ ዘመን አብዛኛው የጀርመን ሠራተኛ ልጅ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሥራ ይሄድ ነበር። ይህ ነገር ከሞልት ልብ አልወጣም።

በሚያዝያ 23 ቀን 1919 ዓ.ም. ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ሽታይነር በፋብሪካው ውስጥ ለሠራተኞቹ ንግግር አደረገ። የሀብታምም የድኃም ልጅ ለ12 ዓመት በአንድነት ይማር አለ። ሠራተኞቹ ይህን ሲሰሙ፥ እንዲህ ያለው ትምህርት ለልጆቻችንም ይሁን ብለው ጠየቁ። ሞልት ጊዜ አላጠፋም። ሽታይነርን የትምህርቱ መሪ እንዲሆን ለመነው፤ በኡላንድስሄኸ ኮረብታ ላይ ምግብ ቤት የነበረውን ሕንጻ በገዛ ገንዘቡ ገዛ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ፥ በመስከረም 7 ቀን 1919 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በ256 ልጆች ተከፈተ። ከእነዚህም 191ዱ የፋብሪካው ሰዎች ልጆች ሲሆኑ ክፍያቸውን የቻለው ፋብሪካው ነበረ።

ወንዶችና ሴቶች በአንድ ክፍል ተቀመጡ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ተማሩ፤ ወንዶቹም ሹራብ መሥራት ያዙ። ክፍል መድገም የሚባል ነገር አልነበረም፤ ይህን ስንናገር ከኋላ ወንበር የሚያጨበጭቡ ጓደኞች እንዳሉን እናውቃለን። የሽታይነር መንፈሳዊ ትምህርት ዛሬም ብዙ ሰው ያከራክራል፤ እኛም ሁሉን አንቀበለውም። የምናደንቀው የሠራተኛውና የባለሥልጣኑ ልጅ በአንድ ወንበር መቀመጣቸውን ነው።

ፋብሪካው ግን አልዘለቀም። ሞልት ሥልጣኑን በአክሲዮን ባለቤቶች ተነጠቀ፤ በ1929 ዓ.ም. ፋብሪካው ሬምትስማ ለተባለው ኩባንያ ተላልፎ ተዘጋ። ሞልት በ1936 ዓ.ም. ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የናዚ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ዘጋው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ በ1945 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ኮረብታ ላይ አለ።

ዋልዶርፍ ተብለው የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች አሁን በዓለም ላይ ከ1000 ይበልጣሉ። በብዙ አገር ግን ክፍያውን የሚከፍሉት ወላጆች ናቸው፤ እንደ ሞልት ያለ ባለፋብሪካ ከጀርባቸው የለም። ያ ሠራተኛ ስለ ልጁ ያነሣው የገንዘብ ጥያቄ፥ ዛሬ በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ደጅ ቆሟል።