ምጽዋቱ በስውር፣ ሒሳቡ በግልጽ

(በሰቆጣ ለካህናትና ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት አባላት የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ከዚህ ብዙ የማይርቀውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዓለቱን ፈልፍለው መቅደስ ያደረጉት ሠራተኞች በምን ትዕግሥት እንደደከሙ ሥራቸው ይመሰክራል፤ የእያንዳንዳቸውን ስም ግን ዛሬ የሚጠራ የለም። እነርሱ ሳይታወቁ ጸሎቱ ቀጥሏል። እኛ ለአንድ እሽግ ቆርቆሮ የሰጪውን ስም በድምፅ ማጉያ ደጋግመን እንጠራለን፤ በነጠላዋ ጫፍ ጥቂት ሳንቲም የቋጠረችው ባልቴት ግን ሳትጠራ ትመለሳለች። ጌታችን በቤተ መቅደሱ መዝገብ ፊት ተቀምጦ ያመሰገነው የማንን ስጦታ እንደነበረ እናስታውስ።

ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ (1፥10) ሰውን ለማስደሰት የሚደክም የክርስቶስ አገልጋይ ሊሆን እንደማይችል አስተምሯል። ይህን ቃል በሕይወታቸው ከፈጸሙት አባቶቻችን አንዱ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። የፋሺስት ወራሪ አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ሲጠይቃቸው እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው በሰማዕትነት ዐረፉ። እኛን ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈትነን የጠመንጃ አፈ ሙዝ አይደለም፤ የጎረቤት ኩርፊያ፣ የዘመድ ቅሬታ፣ የባለሥልጣን ፊት መጥቆር ነው። ፈተናው ትንሽ ስለሚመስል ሳናውቀው ይጥለናል።

የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በአንድ የችግር ዓመት የተረጂዎችን ዝርዝር ስንጽፍ የአንድ የተከበሩ ሽማግሌ የቅርብ ዘመድ ስም ቀረበ። ጎተራው ባዶ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ሽማግሌውን ላለማስቀየም ጻፍሁት፤ ተመርቄም ወጣሁ። ቁጥሩ በመሙላቱ፣ በውጭ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ የዋለች አንዲት እናት ባዶ ከረጢቷን አጥፋ ሄደች። አልተቆጣችም፤ አልከሰሰችም። የተመረቅሁትን ምርቃት ረስቼዋለሁ፤ እርሷ ግን ዛሬም ከዓይኔ አትጠፋም።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ሳህላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን ሲመታ፣ በጦርነቱም የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ሰቆጣ ሲሰደዱ አይተናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለይሉኝታ የተጻፈ አንድ ስም ከአንድ ልጅ አፍ የተነጠቀ እንጀራ ነው።

ነገር ግን አንድ ስሕተት ሸሽተን ሌላ ስሕተት ውስጥ እንዳንገባ። «እኔ የምመልሰው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው» ብሎ መዝገቡን የሚደብቅ አገልጋይ ከውዳሴ ፈላጊው አይሻልም። ያው ቅዱስ ጳውሎስ ለድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን አሠማራ፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ጻፈ (2ኛ ቆሮ. 8፥16-21)። እንግዲህ ውዳሴ መፈለግ ሌላ ነው፤ ተጠያቂነት ሌላ ነው። ምጽዋታችን ይሰወር፤ ሒሳባችን ይገለጥ።

ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ እርዳታ ቸል ተባሉ የሚል ማጉረምረም ሲሰማ ቅሬታውን አልናቁም፤ ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ (ሐዋ. 6)። በእኛም አገር ኽምጣንጋ ብቻ የምትናገር እናት ወደ መዝገቡ ጠረጴዛ ስትቀርብ ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው ማግኘት አለባት። እርሷ የምታጨበጭብልን፣ ስማችንንም የምታስጠራልን አይደለችም፤ ስለዚህ እምነታችን የሚመዘነው በእርሷ ፊት ነው።

ስለዚህ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ የተረጂዎች ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በምእመናን ፊት ይነበብ። የዘመዱ ጉዳይ የቀረበ የኮሚቴ አባል ከውሳኔው ይገለል። ገቢና ወጪው በደረሰኝ ይመዝገብ፣ በቃለ ዓዋዲው ሥርዓት መሠረትም ለምእመናን ይነገር። የሰጪዎች ስም በስጦታቸው መጠን አይደርደር። የደረቀ የውኃ ጉድጓድ፣ ያልጸደቀ ችግኝ ቢኖርም በሪፖርታችን ይጻፍ፤ ረጂን ለማስደሰት የተጻፈ ውሸት ጉድጓዱን ውኃ አይሞላውም።

ይህን ስናደርግ የሚያኮርፈን አይጠፋም። በትሕትና እናስረዳው፤ ከተሳሳትን እንታረም፤ ካልተሳሳትን ግን እውነቱን ለምስጋና አንለውጥ። ሰውን መውደድ ግዴታችን ነው፤ ሰውን ሁሉ ማስደሰት ግን ከቶ አልታዘዝንም። በውጭ በድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን እናት እግዚአብሔር ያያታል። እኛም እንድናያት ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።